ዲንሾ የገቡት እጅጌዎች

እታለማሁ ሮቤ ገበያ ጀርባ ከአክስቷ ከወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጋር ልብስ ትሰፋ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው። ያም ሆኖ ዘጠኝ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታጭቆበታል፤ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ በሃያ ዓመት የስፌት ሥራቸው የመዳፍ ስፋት ያላት እራፊ እንኳ ጥለው አያውቁም። ደንበኛ ሲለካ ክንዱን የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለ አንደኛው እጁ ሁልጊዜ ከበሩ ውጪ ነው የሚለካው።

አንድ ቀን ከላይ ያለው ጆንያ ተንሸራቶ የአንዲት ሙሽራ እናት ጭንቅላት ላይ አረፈ። ሴትየዋ አልተጎዱም፤ ግን ጨርቃቸውን ይዘው ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ተሸነፉ።

«እሺ፣ የሚፈልግ ይውሰደው» አሉ። «ግን ለምን እንደፈለገው መጀመሪያ ለኔ ይንገረኝ።»

ፈላጊ አልጠፋም። አንዷ ለወለል መወልወያ ብትላቸው «የሙሽራ ቀሚስ ትራፊ ወለል ሊወለወልበት!» ብለው መለሷት። ዘይት መጥረጊያ የፈለገ የጋራዥ ሠራተኛ ላይማ መቀስ እስከ ማንሳት ደረሱ።

ጉርሜሳ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ተራራውን ለመጎብኘት ለሚመጡ እንግዶች ፈረስ የሚያከራይ፣ ብርድ ጉንጩን ያቀላው የዲንሾ ወጣት ነው።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ» ሲል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ ባርኔጣውን አውልቆ። «ጨርቅ ይሰጣሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ለምንህ?»

«ለፈረሶቼ።»

«ለፈረስ!»

«ኮርቻው ጀርባቸውን አገጠበው። ከስሩ የሚገባ ትራስ ልሰፋላቸው ነው። እነሱም እኮ ለስለስ ያለ ነገር ይወዳሉ፤ መናገር ስለማይችሉ ነው እንጂ።»

እታለማሁ ሳቋ አመለጣት። ጉርሜሳ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ የረሳ መሰለ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጆንያውን በእጁ ላይ ባያስቀምጡለት ኖሮ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

በሳምንቱ መጣ። መዳፉ ላይ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አለች።

«ጨርቁ ውስጥ አገኘኋት» አለ። «የሰው ንብረት ናት ብዬ ነው።»

«ለአንዲት ቁልፍ ከዲንሾ ድረስ መጣህ?» አለችው እታለማሁ።

«ከመጣሁ አይቀር ደግሞ አንድ ጆንያ ልጨምር እንዴ?»

በቀጣዩ የገበያ ቀን ሰማያዊ ቁልፍ አመጣ፤ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ የካፖርት ትልቅ ቁልፍ። ቁልፉን ስትቀበለው ጣቷ መዳፉን ይነካዋል። ከዚያ እሱ ስለ ፈረሶቹ ያወራላታል። አንዷ ዝናብ እንዴት እንደምትፈራ፣ ሌላው ወፍራም ሰው ሊጭኑበት ሲሉ እንዴት እንደሚያነክስ። እሷ እየሳቀች ትሰፋለች። አንዴ እንዲያውም የአንድን ሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፍታ አገኘችው።

ፊት ለፊታቸው ክርና ቁልፍ የሚሸጠው ዘይነዲን አንድ ቀን ጠጋ አላት።

«እታለም፣ ያ የዲንሾው ልጅ ደህና ነው? በየገበያው ከኔ አንድ ቁልፍ ብቻ ይገዛል። ወላሂ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ምን ዓይነት ሸሚዝ እንደሚለብስ ጨንቆኛል።»

የእታለማሁ ጆሮ ጋለ። ያን ቀን መርፌ ሦስት ጊዜ ወጋት፤ አልተሰማትም።

ችግሩ ጨርቁ ማለቁ ነው። ዘጠነኛው ጆንያ ሲወጣ ባዶውን ጥግ እያየች ተከዘች። ልጁ ዓይን አፋር ነው፤ ያለ ሰበብ አይመጣም። ስለዚህ መቀሷን አነሳችና ቁርጥራጭ መሥራት ጀመረች። መጀመሪያ የድሮ ቀሚሷን፣ ቀጥላ አንሶላዋን፣ ቀጥላም የቤቱን ቢጫ መጋረጃ።

«መጋረጃውስ?» አሉ አክስቷ።

«አይጥ በላው፣ እትዬ።»

«ዘንጉን ብቻ ትቶ?»

ሐሙስ ዕለት ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጠረጴዛው ላይ የአቶ ተክለማርያም ሱፍ ተቆርጦ ተደርድሯል። ጡረታ የወጡ የጎባ መምህር ናቸው፤ እሁድ ልጃቸውን ይድራሉ። በዚህ መሀል ጉርሜሳ ከባጃጅ ሲወርድ አየችው። ጆንያው ገና ግማሽ ነው! ደንግጣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጠራርጋ ከተተችበት።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሱፉን ሊያያይዙ ተቀመጡ። ፊቱ አለ። ጀርባው አለ። ኮሌታው አለ።

«እታለማሁ፣ የሰውዬው እጆች የት ሄዱ?»

አርብ ጠዋት አክስትና የወንድም ልጅ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዲንሾ ወረዱ። እታለማሁን ያስጨነቃት እጅጌው ብቻ አልነበረም፤ ቢጫው መጋረጃም እዚያው ነው።

ጉርሜሳ በሩ ላይ ሲያያቸው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ። ቤቱ ውስጥ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ አልጋው በመካከሉ የተረሳ ይመስላል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ አልተፈታም እኮ!» አሉ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ። «ፈረሶችህስ?»

«ሦስት ናቸው፣ አዴ። የመጀመሪያው ጆንያ በቃቸው።»

«ታዲያ ምን ያመላልስሃል?»

ጉርሜሳ መሬት መሬት አየ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ መልሱን ሳይጠብቁ ቅርባቸው ያለውን ጆንያ ፈቱ፤ እጃቸው ቢጫ ጨርቅ ይዞ ወጣ።

«አይጡ ዲንሾ ድረስ ይመጣል እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች እታለማሁ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ጨርቁ ሲያልቅ የሚቀር መሰለኝ።»

«እኔም ቁልፎቹን ጆንያ ውስጥ አላገኘኋቸውም» አለ ጉርሜሳ ቀስ ብሎ። «ከዘይነዲን ነው የምገዛው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ተያዩ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ መጋረጃውን እንደያዙ አንዴ ይህንን አንዴ ያቺን አዩ።

«ይሄንን ቆይታችሁ ትጨርሱታላችሁ! እጅጌዎቹ የት ናቸው?»

እጅጌዎቹ ተራራ ላይ ነበሩ። ጠዋት የአንዱ ኮርቻ ትራስ ተተርትሮ ጉርሜሳ የትናንቱን ጆንያ ፈታና ያገኘውን ጠቅጥቆ ሰፋው፤ ፈረሱም እንግዳ ጭኖ ወጥቷል። መጠበቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከቤቱ ራቅ ብለው የገብሱን ማሳ የሚያዩ መስለው ተቀመጡ፤ ጆሯቸው ግን ወደ ኋላ ነበር።

«ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?» አለች እታለማሁ።

«ስታዪኝ ንግግሩ ይጠፋኛል። ይኸው አሁንም እየጠፋኝ ነው።»

«ፈረሶችህን ምን ብለህ ነው የምታናግራቸው?»

«እነሱን አጣቸዋለሁ ብዬ አልፈራም» አለ። ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማውና አንገቱን ደፋ። እታለማሁ አልሳቀችበትም። ብርዱ ጠንከር ሲል የነጠላዋን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ከሰዓት ፈረሱ ተመለሰ። ትራሱ ሲተረተር ሁለት ግራጫ እጅጌዎች ወጡ፤ ሞቅ ያሉ፣ የተዳመጡ፣ ፈረስ ፈረስ የሚሸቱ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሮቤ ሲደርሱ አራት ጊዜ አጠቧቸው፤ ቅዳሜ ተኩሰው ገጠሟቸው።

እሁድ ጎባ ላይ አቶ ተክለማርያም አምረው ከመኪና ወረዱ። ሱፉ ልክክ ብሏል። ነገር ግን መንገድ ዳር የቆመ የጋሪ ፈረስ አንገቱን አዙሮ ክርናቸውን አሸተተ፤ ከዚያ ጋሪውን እየጎተተ እስከ ሠርጉ ድንኳን ደጃፍ ተከተላቸው። ባለጋሪው ልጓም ቢስብ፣ ቢለምን፣ አልሆነም።

«እንስሳ እንኳ የሚወዳቸው ደግ ሰው ናቸው» አለ አንዱ ሠርገኛ። አቶ ተክለማርያም በኩራት የፈረሱን ግንባር ዳበሱ።

ከእታለማሁ ጋር ሠርጉ ላይ የተጠሩት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እንባቸውን ሲጠርጉ የእታለማሁን እጅ ያዙ።

«ያ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ሽማግሌ የለውም?»

ነበረው። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ከዲንሾ መጥተው ወግ ባለው ቃል ጠየቁ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስም ቶሎ እሺ ማለት ስለማያምር ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጅ የቤተዘመድ ናት። ጎባ ያሉትን አማክሬ፣ እንግዲህ ለሦስት ወር ብናስብበት . . .»

«እትዬ፣ ሦስት ወር ብዙ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከጓዳ።

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፤ አንደኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እኔም እንደሷ ነው የምለው!» አለ ሌላ ድምፅ ከመስኮቱ ውጪ። ጉርሜሳ ከዲንሾ እንዳይነቃነቅ ተነግሮት ነበር።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጓዳውን አዩ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ ተነፈሱና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ ግባ፤ ብርድ ነው። አንቺም ከተሸሸግሽበት ውጪና ካላንደሩን አምጪልኝ።»