ዐሥራ ሁለተኛው ቁራጭ

«ይኼ ነገር ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ ፕላመን፣ አፉ ባኒጻ በሚሉት የአይብ ጥቅልል ዳቦ እንደ ተሞላ። የአይብ ፍርፋሪ በላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ረገፈ።

ካሊና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። በስክሪኑ ላይ ጨቅላ የነበረችው እርሷ ራሷ በድንገት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነች፤ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ካደገች በኋላ ደግሞ ድክ ድክ የምትል ሕፃን ሆና ተመለሰች። ከዚህ ይልቅ ያስደነቋት ግን የሴት አያቷ እጆች ነበሩ። በእጇ አንጓ ላይ ቀይና ነጭ ክር የሚያስሩት እነዚያ እጆች ሲሸበሸቡና ሲንቀጠቀጡ ቆይተው በቅጽበት ለስልሰው ጸኑ።

ወንድ አያቷ አባባ ስቶይኮ በየዓመቱ ማርች አንድ ቀን፣ ሚስታቸው እማማ ዶንካ ለካሊና ማርተኒጻዋን፣ ጸደይን የሚቀበሉበትን ቀይና ነጭ ክር፣ ሲያስሩላት ይቀርጹ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት፣ ዐሥራ አራት ቁራጭ ቪዲዮ፤ አንዱም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ቁጥር የሰጧቸውም እርሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት፣ ዛፎች ቅጠላቸውን ባራገፉበት ወቅት፣ አባባ አረፉ። ነገ ማርች አንድ ነው፤ ቤተሰቡ ያለ እርሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ቁራጮቹን አያይዞ አንድ ፋይል ማድረግ ለካሊና የተሰጠ ሥራ ነው።

«አየሽ፣ ከአንድ ቀጥሎ ዐሥርን ነው ያስገባው» አለ ፕላመን። በሁለት ዓመት የሚበልጣት የአክስቷ ልጅ ነው፤ ሁሉንም አውቃለሁ ማለት ይወዳል። «ኮምፒውተር አስቀድሞ የፊተኛውን አኃዝ ነው የሚያየው። እስከ ዘጠኝ ላሉት ከፊት ዜሮ ጨምሪላቸው። ይኼንንም እኔ ልንገርሽ?»

ጨመረችላቸው። ፊልሙ እንደ ገና ጀመረ። አውራ ጣት የማታህል የነበረችው አንጓ ወፈረች፣ ረዘመች፣ የእጅ ሰዓት አጠለቀች። ጠረጴዛው ያው ነው፤ መስኮቱ ያው ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ የየዓመቱ በረዶ ይመጣል፣ ይሄዳል። ካሊና ዘር ሲበቅል በዐይኗ የምታይ መሰላት። እያንዳንዱን ቀን ኖራዋለች፤ አንዱም ግን ይህን ያህል ግዙፍ ነገር ተሸክሞ እንደሚያልፍ አልነገራትም ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ፈጥና አቆመችው።

«ይኼን አወጣዋለሁ።»

«ምን አለበት?»

«አልፈልገውም አልኩህ።»

ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ ክር ከሱቅ የተገዛ፣ ዶቃ ያለበት ነበር፤ የእርሷ ግን ሴት አያቷ ከሱፍ የገመዱት ነበር። «ይኼን የበግ ገመድ አላስርም» ብላ ወለሉ ላይ ወረወረችው። የአያቷ እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ሮጣ ስለ ወጣች ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታው አታውቅም።

ከማእድ ቤት የእማማ ዶንካ ድምፅ ተሰማ። «ካሊንኬ፣ ዐሥራ አራቱም ገቡ?»

«እያስገባሁ ነው» አለች፤ ጉንጯ ጋለ።

ፕላመን ከእጇ በላይ ተንጠራርቶ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነ። እርሷ ፊቷን አዞረች። የገዛ ድምፅዋን ሰማች።

«ካሊና፣ እስቲ እዪ» አለ ፕላመን። ፌዙ ከድምፁ ጠፍቷል።

ክሩ ወለሉ ላይ ወድቋል። ምስሉ ዘመም አለና ከጠርዙ አንድ እጅ ገባ፤ የሌባ ጣቱ ጫፍ የለም። አባባ ስቶይኮ እንጨት ሲቀርጹ ያጡት ጣት ነው። ከካሜራው ጀርባ ዐሥራ አራት ዓመት የቆዩት ሰው በፊልሙ ሁሉ የታዩት እዚህ ብቻ ነው። ክሩን አነሡ፤ አቧራውን አራገፉለት።

«ተዪያት፣ ዶንኬ» አለ ድምፃቸው። «ዘንድሮ ለእኔ እሰሪልኝ። ለእንደኔ ላለው አሮጌ በግ ይስማማል።»

ካሜራው ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተቀመጠ። በተጋደመው ምስል ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ጣቶች በወፍራም አንጓ ላይ ክር አሰሩ። ካሊና አስታወሰች፤ በዚያ ዓመት ወንድ አያቷ፣ እንደ ልማዱ የጸደይ ሽመላዎች እስኪመጡ ድረስ፣ ክሩን አላወለቁም ነበር። እርሷ ደግሞ አፍራባቸው ነበር።

«ቀላል ነው» አለ ፕላመን ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአንቺን ስድስት ሰከንድ ቁረጪና የእሳቸውን አስቀሪ። ማን ያውቃል?»

ሞከረችው። አንድ ሽማግሌ ያለ ምክንያት አጎንብሶ ከወለል ላይ ክር ያነሣል።

«እንዲህ ከሆነ ለምን እንዳጎነበሱ አይታወቅም» አለች።

«አጎታችን ኪሪል ነገ አይቶ ዓመቱን ሙሉ ሲያበሽቅሽ ነው የሚከርመው።»

«ያብሽቀኝ።»

የቆረጠችውን መለሰች፤ ዐሥራ ሁለተኛውን ሙሉውን በቦታው አስገብታ አያይዝ የሚለውን ተጫነች። መስመሩ ቀስ እያለ መሙላት ሲጀምር ተነሥታ ወደ ማእድ ቤት ሄደች።

እማማ ዶንካ የነገን ክር እየገመዱ ነበር። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ያከርራል። ዘንድሮ ሌላኛው ጫፍ በበሩ እጀታ ላይ ታስሯል።

«ጨረስሽ?»

«ዐሥራ አራቱም ገብተዋል።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ካሊና ክሩን ከበሩ እጀታ ፈታችና ጫፉን በጣቷ ላይ ጠቅልላ ያዘች።