ያልታጠበው ሰሌዳ

ለመሆኑ ሕፃን ልጅ የተማረውን ቃል የሚያኖረው የት ነው፤ በዓይኑ፣ በጆሮው ወይስ በእጁ? ለጊዜው መልስ የለንም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1872፣ አባይ በሞላበት ወራት፣ ከፓሪስ ወደ ግብፅ ከተማ ወደ ደምያጥ የተመለሰው የትምህርት ቤቶች መርማሪ ራግብ፣ በማዕረጉ ራግብ እፈንዲ፣ ግን መልሱን ከመጻሕፍቱ ጋር በሣጥን አሽጎ አምጥቶት ነበር።

እርሱ ራሱ ፊደል የቆጠረበት የሼኽ በሲዩኒ ቁርአን ቤት እንደ ጥንቱ ነው። ሼኹ ለሃያ ልጆች ሃያ ልዩ ልዩ አንቀጽ በየተራ ይጠራሉ፤ ልጁም የሰማውን ጮኾ እየደገመ በእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ በማግስቱ ሰሌዳውን አጥቦ ያንኑ ሳያይ ይጽፈዋል።

ቤቱን ሊመረምር የገባው ራግብ እፈንዲ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። «ይኼ ጫጫታ ትምህርት ነው? ዛሬ ጽፎ ነገ ማጠብ! ልብስ አጣቢ ነው እንዴ የሚያሠለጥኑት?»

«አንተም እዚሁ ነው ያጠብከው፣ ልጄ፤» አሉ ሼኹ። «ያኔ ንፍጥህን በእጅጌህ ነበር የምትጠርገው። አዲስ ያመጣኸው መሐረቡን ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። በሳምንቱ ሼኹ ተባረሩ።

ሰሌዳዎቹ ለወንበር መሥሪያ ለአናጢ ተሰጡ፤ የታተመ ናሙና ያለበት ደብተርም ታደለ፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው በጸጥታ ይገለብጡ ጀመር። ጽሕፈታቸው አማረ። እፈንዲው የዋና መርማሪነት ሹመት ተመኝቶ ከካይሮ ፈታኝ አስመጣ።

ፈታኙ፣ የበይነት ማዕረግ ያላቸው ሹም፣ ደብተሮቹን አይተው አደነቁ፤ ከዚያም አስከደኗቸው። «እስቲ አሁን እኔ የምለውን ጻፉ።»

ሃያው ብዕር በአየር ላይ ቀረ።

«ከየት አይተን፣ ጌታዬ?» አለ አንዱ።

«እፈንዲ፣ ሠዓሊዎች አፍርተሃል፤» አሉ በዩ እየሳቁ። «ጸሐፊዎቹ የታሉ?»

ራግብ እፈንዲ ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ። ፓሪስ ሳለ መምህሩ የተናገሩትን ቤቱ ገብቶ ቃል በቃል ሲጽፍ ጓደኞቹ ይገረሙ ነበር፤ እርሱም ያን ችሎታ የፓሪስ ስጦታ አድርጎ ሲኮራበት ኖሯል።

በዩ ግን ባዶ እጃቸውን መመለስ አልወደዱምና ያማሩትን ደብተሮች ለጌቶቻቸው ወሰዱ፤ ሹመቱም መጣ። የዚያ ዓመት መዝገብ «በደምያጥ የጽሕፈት ትምህርት በራግብ እፈንዲ ትጋት ተሻሻለ» ይላል፤ ስለ ሼኹ አንድ ቃል የለውም።

ሹመቱ በደረሰው ዕለት ራግብ እፈንዲ፣ ሼኹ ልጃቸው ዘንድ ወደ ተጠጉባት ወደ ረሺድ ከተማ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «ጌታዬ ሆይ፣ ያልተሰነጠቁትን ሰሌዳዎች ከአናጢው አስመልሻለሁ። ይምጡልኝ።»

ፖስተኛው ደብዳቤውን በእጃቸው እንደሰጣቸው ተናገረ። መልስ ግን አልመጣም።