ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት

«አልጋዬ መስኮቱ ጋ ይሁን በሩ ጋ?» አለች ዓለምጌጥ። «በሩ ጋ ከሆነ ብርድ ይመታኛል። እዚያ አገር በር ሥር ብርድ ይገባል እንዴ?»

ማራኪ የጥርስ ብሩሹን ከአፏ አወጣች። «አይገባም፣ እታለም። ግን መስኮቱ ጋ ይሻልሻል። ዛፍ ይታያል።»

በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ዛፍም አለ፤ አንድ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ። ስለዚህ ሙሉ ውሸት አይባልም። ማራኪ ሰሞኑን በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ ራሷን ማጽናናት ለምዳለች።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ማራኪ በምትኖርባት የአሜሪካ ከተማ በዩለስ አንድ ሰዓት ሲሆን ወሊሶ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እህቷ ዓለምጌጥ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ የምትደውለው በዚህ ሰዓት ነው። ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴ የባጃጅ ጡሩንባ ያቋርጣቸዋል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ» አለች ዓለምጌጥ። «ይገዙ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሑድ በአሥር ሰዓት አክስቴ ቤት ይመጣሉ።»

ይገዙን ማራኪ በወሬ ታውቀዋለች። ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ የስፌት ቤቱ መብራት በተቃጠለ ቁጥር ሳይጠሩት ይደርሳል። ዘንድሮ መብራቱ ያለ ልክ ይቃጠላል ብላ ዓለምጌጥ እየሳቀች ነግራት ነበር። ስለ እሱ ስታወራ ድምፅዋ ፈገግታ እንዳለበት ማራኪ በስልክም ለይታ ታውቃለች። ምን ልትመልስላቸው እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ምን እላለሁ፣ እምቢ ነዋ።» ፈገግታው ከድምፅዋ ጠፋ። «ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ካገባ ፋይሉ ይበላሻል ይላሉ። እዚህ ሰፈር አንዷ አባቷ ሞልቶላት ሳለ አግብታ ቀረች። እውነት ነው እንዴ ማሬ?»

ለዚያች ልጅ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእህት ግን አይደለም። እህት አግብታም ወልዳም መምጣት ትችላለች። ማራኪ ይህን አንብባ ታውቃለች፤ በአንድ ቃል መናገር ትችል ነበር።

«ብትቆዪ ይሻላል መሰለኝ» አለች።

ስልኩ ሲዘጋ ደስ አላት። ዓለምጌጥ ካገባች ባል ይኖራታል፣ ትዳር ይኖራታል፣ ልጅ ይመጣል፤ ጠዋት ጠዋት የምትደውለው ለማራኪ መሆኑ ይቀራል። እንግዲህ አታገባም። ደስታው አፏን ተጉመጥምጣ እስክትጨርስ ቆየና ወደ ኀፍረት ተለወጠ። ፊቷን ሳታብስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ማራኪና ዓለምጌጥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ይለያያል። እናታቸው ስትሞት ማራኪ ሦስት ዓመቷ፣ ዓለምጌጥ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የማራኪ አባት ጌትነት የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ማራኪን ያሳደገቻት ዓለምጌጥ ናት። ጥርሷ ሲነቀል የያዘቻት፣ ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስትባል አንገቷን ደፍታ የቆመችላት እሷ ናት። በኋላ ጌትነት ዲቪ ደረሰው። ዲቪው ልጁን እንጂ ዓለምጌጥን አይጨምርም። ከእናታቸው ጋር በሕግ የተጋባበት ወረቀት ስለሌለ ዓለምጌጥ በወረቀት ለጌትነት ባዳ ናት። ሊሞላላት የሚችል ሰው ቢኖር ማራኪ ብቻ ናት፤ ያውም ዜጋ ስትሆን። በዘጠኝ ዓመቷ ቦሌ ላይ እህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ «እኔ እወስድሻለሁ» አለቻት። ልጅ ብዙ ነገር ይላል፤ ማራኪ ግን የምሯን ነበር።

ባለፈው ሰኔ ላይ አባቷ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ዜጋ ሆነ፤ እሷም ልጅ ስለሆነች አብራው ዜጋ ሆነች። በማግሥቱ ሰፈሯ ወዳለው ላይብረሪ ሄዳ የእህት ማመልከቻውን ፎርም አሳተመች። የዓለምጌጥን ስም፣ የተወለደችበትን ቀንና ከተማ በጥንቃቄ ጻፈች። ከዚያ መመሪያውን ስታነብ አንድ መስመር ላይ ቆመች። አመልካቹ ቢያንስ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት ይላል። ማራኪ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወረፋው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ስትደምረው ዓለምጌጥ ሃምሳ ዓመት ሞላት።

ያን ዕለት ማታ ዓለምጌጥ ደውላ ፎርሙን ሞላሽልኝ ወይ ስትላት ማራኪ «ሞልቼ ልኬዋለሁ» አለቻት። የመጀመሪያዋ ቃል እውነት ነበረች።

ከዚያ በፊት ስልካቸው እየሳሳ መጥቶ ነበር። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸውና ኔትዎርኩን ያማርራሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓለምጌጥ በየቀኑ ትደውላለች። እዚያ ስፌት ቤት አለ ወይ፣ አውቶቡሱ ምን ያህል ይርቃል፣ ሁለት አልጋ ክፍልሽ ይችላል ወይ ትላለች። ማራኪም ትመልሳለች። ከምትኖርባት ክፍል ይልቅ በስልክ የምታወራላት ክፍል የበለጠ ቤት መሰለቻት።

እውነተኛው ቤት ግን ጭር ያለ ነው። አባቷ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ይጭናል፤ ሳይነጋ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይተኛል። በሳምንት ውስጥ የሚያወሩት በአብዛኛው ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው። ትምህርት ቤት የነበረቻት ብቸኛ ጓደኛ ናኦሚ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ሳክሲ የሚባል ሌላ ከተማ ቤት ገዝተው ከሄዱ ወዲህ ማራኪ ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ቃል ቢቆጠር አንድ ገጽ አይሞላም።

ዓርብ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ኤዶም አጠገብ ተቀመጠች። ኤዶም እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ እነማራኪ ግቢ ውስጥ የምትኖር ልጅ ናት፤ ሰላም ይባባላሉ እንጂ ጓደኛ አይደሉም። ግን አጎቷ እህቱ ሞልታለት ዓምና መምጣቱን ማራኪ ታውቃለች። ስንት ጊዜ እንደፈጀ ጠየቀቻት።

«ጋሼ ፍቃዱ? ላይክ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት» አለች ኤዶም። «ማሚ ፋይል ስታደርግ እኔ የለሁም። ሲመጣ ማሚ ኤርፖርት ላይ አላወቀችውም፣ ፀጉሩ ሁሉ ነጭ። ሚስቱን አይታ ነው ያወቀችው።»

ማራኪ ልትደብቀው አስባ ነበር፤ አልቻለችም። የፎርሙንም፣ የአልጋውንም፣ የሽማግሌዎቹንም ነገር ዘረገፈችው። ኤዶም አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውጥታ፣ ቆይታ ሁለተኛውንም አውጥታ ሰማቻት።

«ሶ፣ ኢዚ ነው» አለች በመጨረሻ። «ዲናይ አደረጉት በያት። ሁሌ ዲናይ ያደርጋሉ፣ ማንም አይጠይቅሽም። እሷ ታገባለች፣ አንቺ ትራብል ውስጥ አትገቢም። ኦኬ?»

ማመልከቻው ተከለከለ የማለቱ ሐሳብ ማራኪን ጣማት። ዓለምጌጥ የምትናደደው በአሜሪካ እንጂ በእሷ አይሆንም። እንዲያውም ታጽናናታለች፤ አይዞሽ ማሬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ትላታለች። ይገዙም ሚስቱን ያገኛል። ቀኑን ሙሉ በሒሳብ ክፍልም በስፖርት ክፍልም አረፍተ ነገሩን በልቧ ስትለማመድ ዋለች።

ቅዳሜ አባቷ ሥራ አልነበረውም፤ ክፍሉን ዘግቶ ተኝቷል። ማራኪ ከመደወሏ በፊት ምክንያቱን ምን ብላ እንደምትናገር ለማየት ፎርሙን ከመሳቢያ አወጣችው። የዓለምጌጥ ስም በእሷ የእጅ ጽሑፍ ቁጭ ብሏል። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት ይህንኑ ወረቀት እንደገና ትሞላለች። ያኔ እህቷን ምን ልትላት ነው? ሐሳባቸውን ቀየሩ? ወይስ ዛሬ የዋሸችው እንዳይታወቅባት ያኔም ሳትሞላላት ልትቀር?

ሌላም ነገር አለ። ዓለምጌጥን የከለከላት የለም። ስሟን ያየ እንኳ የለም። ማራኪ ግን ወረቀትሽ ተነብቦ አትሆኚም ተባልሽ ልትላት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ እንጨት ፈልጣ፣ ልጅ አብልታ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄድ የነበረችውን ዓለምጌጥን አትሆኚም ልትላት ነው። ፎርሙን ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ስልኳን ይዛ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ደወለች።

«እታለም፣ ፎርሙን አልላክሁትም።»

«ምን አልሽ? አይሰማም።»

ከባዱን ነገር ሁለቴ መናገር ያለ ነገር ነው፤ በተለይ ወሊሶ ለሚደውል ሰው። ማራኪ ዓይኗን ጨፈነች።

«ፎርሙን አልላክሁትም አልኩሽ። ሃያ አንድ ዓመት ካልሞላኝ አይቀበሉኝም። ከተላከ በኋላም ዐሥራ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ሊበልጥም ይችላል።» ወኔዋ ሳይከዳት ቀጠለች። «ማግባት ደግሞ ምንም አያበላሽም። ሐሙስ ዕለት አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ።»

የስፌት መኪናው ሲሠራ ይሰማል። ከዚያ ቆመ።

«ከሰኔ ጀምሮ?»

«ከሰኔ ጀምሮ።»

«አልጋውስ?»

ማራኪ ቀና ብላ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያለውን ዛፍ አየች።

«ለምን ግን፣ ማሬ?» የዓለምጌጥ ድምፅ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ባሰባት።

«በየቀኑ ስለምትደውዪልኝ» አለች ማራኪ። «እዚህ የማወራው ሰው የለኝም።»

ዓለምጌጥ ሥራ አለብኝ ብላ ዘጋችው።

ማራኪ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ እየጻፈች ስታጠፋ ዋለች። አንዱም አልተላከም። ማታ አባቷ እራት ላይ አሞሻል እንዴ አላት፤ አላመመኝም አለች። ደግሞ ልትነግረው አሰበች፤ ግን አንድ እውነት ለአንድ ቀን ይበቃት መሰላት።

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማለትም በወሊሶ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ነበረች። አሁን ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። አሁን ተቀመጡ ይባላሉ፣ አንቀመጥም ጉዳይ አለን ይላሉ። የመደወል ፍላጎቷ እጇን አሳከካት፤ ግን የዛሬው ቀን የዓለምጌጥ ነው ብላ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። አባቷ የልብስ ከረጢት ተሸክሞ ሲወርድ አያት፤ ምንም ሳይጠይቅ ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ግቢው ልብስ ማጠቢያ ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«ሄዱ» አለች ዓለምጌጥ።

«ምን አልሻቸው?»

«እኔ ምን እላለሁ፣ ጓዳ ነበርኩ። አክስቴ ናቸው እሺ ያሉት። እኔ ከጓዳ ሆኜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።» ልትስቅ ነበር፤ ያዝ አደረገችው። «ባንቺ ግን ተናድጃለሁ። ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

«እሺ» አለች ማራኪ።

ስልኩን ማናቸውም አልዘጉም።

«ሠርጉ ጥር ላይ ነው» አለች ዓለምጌጥ ቆይታ። ድምፅዋ ቀጠነ። «በእኔ በኩል የሚቆም ሰው የለኝም። ትመጫለሽ አይደል?»

አዎ የሚለው ቃል ማራኪ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ ብትል ዓለምጌጥ ቁጣዋን ትረሳለች። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ፀጉሩ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ያወራሉ። እስከ ጥር ሦስት ወር አለ። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ።

«አላውቅም» አለች። «መምጣት እፈልጋለሁ፣ በጣም። መቻሌን ግን አላውቅም፤ አባዬን አልጠየቅሁትም። የሚለኝን እንዳለ እነግርሻለሁ።»

ማራኪ አሁን ትዘጋለች ብላ ጠበቀች።

«ጠይቂዋ» አለች ዓለምጌጥ። «እየጠበቅሁሽ ነው።»

ማራኪ ተነሣች። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ደረጃውን ወርዳ፣ አባቷ ወዳለበት ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሄደች።