የተደፋው ሳህን

«ሁለቱንም እንጨት ከተትሽ?» አለች እናቷ፣ የተቀቀለውን ባለቀለም ሩዝ በቅጠል እየጠቀለለች።

ባንግ እንጨቶቹን ሩዙ ውስጥ ሻጥ አደረገች። በእህትማማቾች በዓል ሴት ልጅ ለጠያቂዋ ሩዝ ትሰጣለች፤ ውስጡ ጥንድ የመብያ እንጨት ያገኘ ተወዷል፣ በርበሬ ያገኘ አርፎ ይቀመጣል። ይሄኛው ጥቅል ለጎረቤታቸው ልጅ ለጂን ነው። ሁለቱ እናቶች ነገሩን ከጨረሱት ቆይተዋል።

«እማዬ፣ ለጂን አልሰጥም።»

«ምን ጎደለው? አፍንጫ?»

«ምንም። ወንድ አልፈልግም። እኔ የምወደው ኒያንን ነው።»

የእናቷ እጅ ቅጠሉ ላይ ቀረ። ኒያን የባንግ የክፍል ጓደኛ ናት፤ እዚሁ ቤት ስትበላ ስትጠጣ ያደገች።

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው አትወቅ። እኔም አልሰማሁም።» እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወንድሜን ረሳሽው? ያንን የሚወደውን ሰውዬ ከከተማ ይዞ የመጣ ቀን አያትሽ ሳህኑን መደርደሪያው ላይ በአፉ ደፋችው። ይኸው እንደተደፋ ነው፤ እሱም በዚያው ቀረ። አባትሽ ከፋብሪካ ሲመጣ ምን ልበለው? ሂጂ፣ ስጪና ነይ።»

ባንግ ወጣች። ለበዓሉ ራሷ ላይ ያደረገችው የብር ጌጥ ከበዳት፤ ፈርታለች። ጎተራው ጀርባ ቆማ ጥቅሉን ፈታች፣ እንጨቶቹን አወጣች፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው በርበሬ አንድ ዛላ ቆርጣ ከተተች።

ሜዳው ላይ ከበሮ ይመታል። ጂን ጥቅሉን ሲከፍት ጓደኞቹ ተንጫጩ። «በርበሬ! ውሃ አምጡለት!»

እሱ አልሳቀም። «ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት። እውነቱን ነው፤ አንጀቷን በላው። ኒያን ከልጃገረዶቹ መሃል እጇን አውለበለበችላት። ባንግ አቀረቀረች።

ወሬው ቀድሟት ቤት ገብቷል። ለእራት ገበታው ላይ የቀረበው የእናቷ ሳህን ብቻ ነበር፤ የባንግ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል።

«ነገ ጂን ቤት ሄደሽ ‹ተሳስቻለሁ› ትያለሽ» አለች እናቷ፣ ቀና ብላ ሳታያት። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። «ያን ጊዜ ትበያለሽ።»

ባንግ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ሩዙ ደግሞ ያውዳል። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የራሷን ሳህን አወረደች። በእግሯ ጣቶች ቆማ ከላይ የተደፋውን የአጎቷንም አወረደች። አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ሁለቱንም አቅንታ ከእናቷ ሳህን ጎን አስቀመጠችና ተቀመጠች።

እናቷ ሳህኖቹን አላነሳቻቸውም። ሩዝም አልጨመረችባቸውም።