ፊልሙን ያየው ሰው

ደምመላሽ ጨማቂውን ከጆሮው ጀርባ ለጥፎ፣ ፉሉን እየበላ ሁለት የፊልም ኩባንያ ጨረሰ። ጨማቂ ማለት ኩባንያው የሠራውን ፊልም ሁሉ ጨምቆ በአንድ ትንፋሽ ጭንቅላት ውስጥ የሚያፈስ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ሰመራ ከተማ ውስጥ ያለሱ ለተለማማጅነት ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ የለም።

ሦስተኛው፣ ነገ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብበት «ጨውና ጥላ ፊልም» የተባለ ኩባንያ ላይ ሲደርስ ዕቃው ተንጣጣና ቀጥ አለ።

«በቃ፣ ዘንድሮም ሊስቁብህ ነው» አለች እህቱ ትርሲት ሳህኑን እያነሳች።

አምና አንድ ጎረምሳ ጠያቂ «የኛን ፊልም ከሌላ ሰው ፊልም ጋር አምታታኸው እኮ» ብሎ ጓደኞቹን ሲያስቅበት ያየው ጥርስ ሁሉ ዛሬም ዓይኑ ላይ አለ። ሠላሳ የሞላው ተለማማጅ አይቀጠርም፤ እሱ ደግሞ በሚመጣው ወር ሠላሳ ይደፍናል።

ስለዚህ ማንም የማያደርገውን አደረገ። አንዱን ፊልም ከፈተና ቁጭ ብሎ በዓይኑ አየው።

ግድግዳው ጠፋ። እንደ ዘመኑ ፊልም ሁሉ ማሽን ብቻውን የፈጠራት አንዲት ሴትዮ በጨው ሜዳ ላይ ባዶ ጀልባ ትጎትታለች። ሰዓት አለፈ፤ አሁንም ትጎትታለች። ሊያዛጋ ሲል ዞር ብላ አየችው፣ እሱን ራሱን፤ እስኪረጋጋ ጠብቃው መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ባሕሩ መጣ። ጥንት ከዚያ ምድር የሸሸው ባሕር ድምፅ ሳያሰማ፣ ከነከዋክብቱ፣ ጉልበቱ ድረስ ሞላ። ጀልባዋ ተነሳች። ደምመላሽም ሳያውቀው ቆሟል። የሠሪዎች ስም በሚወጣበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ በራ፦ «ያየ ሰው፣ አንድ»።

በማግስቱ የኩባንያው ባለቤት ወይዘሮ ሀዋ «ስለ እኛ ምን ታውቃለህ?» አሉት።

«ጨማቂዬ ተበላሽቶ አንድ ፊልም ብቻ ነው ያየሁት። በዓይኔ፣ እስከ መጨረሻው።»

«በዓይንህ?»

«እርስዎ አላዩትም?»

«የቱን ጊዜ አግኝቼ፣ አንተ ልጅ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጨረሻው እንዴት ነው?»

እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የማያውቀውን ነገር እሱን የሚጠይቅበትን ቀን ስንት ዘመን ተመኝቶ ነበር። አሁን ግን ኩራቱ የት እንደገባ አላወቀም። አፉን ከፈተ፤ ባሕሩ በቃላት አልወጣ አለው።

«ብነግርዎ ጨማቂ መሆኔ ነው» አለ። «ቢቀጥሩኝም ባይቀጥሩኝም፣ ይቀመጡና ይዩት።»

ፊልሙን ከፍተው ሁለቱም ተቀመጡ። ሴትዮዋ ጀልባዋን እየጎተተች መጣች፤ እነሱ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ትናንት ያላደረገችውን፣ የገመዱን ጫፍ ዘረጋችላቸው።

«ይህን ማን አዘዛት?» አሉ ሀዋ።

«ማንም።»

ማሽኑ ሁሉን መሥራት ችሎ ነበር፤ የሚያየው ሰው መሥራት ግን አልቻለም።

«ነገ በጠዋት ና» አሉት፣ ዓይናቸውን ከሚመጣው ውኃ ሳይነቅሉ። «ማንም ያላያቸው ዘጠኝ ሺህ ፊልሞች አሉ።»