መብራቱን አጥፋልኝ

ሰበታ ውስጥ መኪና ካላቸው ሰዎች መካከል ከጋራዤ ደጃፍ ቆሞ "ታሜ፣ ይቺን መብራት አጥፋልኝ" ያላለኝ ጥቂት ነው። ሰው ራሱን ሲያመው ሐኪም ቤት ይሄዳል። መኪናው ሲያመው ግን ሕመሙን የሚናገረውን መብራት ያስጠፋል። እኔም አጠፋ ነበር። ኮምፒውተሬን እሰካለሁ፣ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ባለመኪናውም መርቆኝ ይሄዳል። በሽታው ግን እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው።

ታመነ እባላለሁ። ከደቡብ መጥቼ ሰበታ ላይ መካኒክ ከሆንኩ ብዙ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የማወራችሁ የሰው ጥፋት አይደለም፣ የራሴን ነው። የሰው ቢሆንማ ቀለል ባለኝ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ጓደኛዬ ፍቅረሥላሴ አንዲት ጥቁር የጀርመን መኪና ገዛ። ፈጣን ናት የተባለች፣ ነዳጅ ሲረግጧት ሰውን ከወንበሩ ጋር የምታጣብቅ ዓይነት። የሸጠለት የአዲስ አበባ ሰው ለዓመታት ተንደላቆባት ጋራንቲዋ ባለቀ በወሩ ነው ያስረከበው። ጋራንቲ ማለት ሌላ ሰው የሚጨነቅልህ ዘመን ማለት ነው። እሱ ዘመን ሲያልፍ ጭንቀቱ ወደ አንተ ይዞራል። ፍቅሬ ግን መኪናዋን እንጂ ጭንቀቷን የገዛ አልመሰለውም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሙሽራ ሲኖር "ውሰዷት" የሚል፣ የጎረቤት እናት ሲያማቸው ሱቁን ዘግቶ የሚነሳ ሰው ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ መብራቱ በራ። ኮምፒውተሬን ሰካሁና አየሁት። ዲናሞው ደክሟል፣ ባትሪውን በደንብ አይሞላም።

"ፍቅሬ፣ ዲናሞው መቀየር አለበት" አልኩት።

"ጠይቄያለሁ። ከጀርመን እስኪመጣ ሦስት ወር ጠብቅ አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ይቺን መብራት እያየሁ ልነዳ ነው? ነርቬን ትነካለች። አጥፋልኝ በቃ! መኪናዋ እንደሆነ ትሄዳለች።"

አጠፋሁለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ አጠፋሁለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጋራዡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ፍቅሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ሰበታ ላይ የጀርመን መኪና የሚሠራ ታሜ ብቻ ነው!" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሙገሳው ጣፈጠኝ። መብራቱን አጠፋሁና ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አሁን ተስተካክላለች" አልኩት።

አሮጌ ፒክአፓቸውን ዘይት ሊያስቀይሩ የመጡት ኦቦ ቦጂያ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ከተፍኪ ወተት የሚያመላልሱ ሽማግሌ ናቸው። ፍቅሬ ሲወጣ ጠብቀው፣ "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ መብራቱ እኮ አልታመመም" አሉኝ።

"አንቱ ደግሞ! ይሄ እንደ አንቱ ፒክአፕ አይደለም፣ በኮምፒውተር የሚሠራ ነው" ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ታኅሣሥ 2008 መጣ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ከየቤቱ እየወጣ አደባባይ ዋለ። አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ በማግስቱ ይከፈታል። ሱቆች ግማሽ በር ከፍተው ይውላሉ። መርዶ ያልሰማንበት ሳምንት አልነበረም። ፋብሪካዎች ግን በተገኘው ሰው ይሠሩ ነበር። ታናሽ እህቴ ጣቢታም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አልቀረችም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሴቶች ሹሩባ ትሠራለች፣ ወደፊት የራሷን ፀጉር ቤት ልትከፍት ታስባለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቀኝ እጇን ማሽን ያዘው።

ስደርስ የፋብሪካው ነርስ መሰረት እጇን ጠቅልላ፣ ደሙን አስራ ጨርሳለች። ጣቢታ ፊቷ አመድ መስሏል፤ አታለቅስም። መሰረት ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ "ታመነ፣ ስማኝ። እጇ ሊተርፍ ይችላል። ግን እስከ ስድስት ሰዓት አዲስ አበባ መድረስ አለባት። ከዚያ ካለፈ እንጃ። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ወጥቷል" አለችኝ።

ወሬው ደርሷቸው ሁለት መኪናዎች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው የኦቦ ቦጂያ ፒክአፕ ነው፣ ሌላኛዋ የፍቅሬ ጥቁር መኪና።

"በእኔ እንሂድ" አሉ ኦቦ ቦጂያ። "ቀርፋፋ ናት እንጂ ትደርሳለች።"

"ኦቦ ቦጂያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺ ልጅ እኮ ደቂቃ ነው የሚያስፈልጋት" አለ ፍቅሬ። "በእኔ ብትሄድ ሳታውቀው ትደርሳለች። ደግሞ ታሜ ራሱ ነው የሠራት። አይደል ታሜ?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ስንት ሰው ቆሞ ያየኛል። እኔ ብቻ የማውቀውን ነገር እኔ ብቻ መናገር እችል ነበር። "አልሠራኋትም" የምትል አንዲት ቃል። አሳፈረችኝ። ደግሞ ለራሴ፣ ትናንት ስትነዳ የነበረች መኪና ዛሬ ለአንድ መንገድ አታንስም አልኩት።

"አዎ" አልኩ።

ጣቢታን ከኋላ ወንበር አስተኝተን ወጣን። ኦቦ ቦጂያ አንጀታቸው አልችል ብሎ በፒክአፓቸው ተከተሉን።

ከዓለም ገና በፊት ያለው ድልድይ ላይ መንገዱ ተዘግቷል። ግራውን መስመር ድንጋይ የጫነ ትልቅ መኪና ዘግቶታል፤ ጎማው ተንፍሷል፣ ሾፌሩ የለም። በቀኝ በኩል በጭነቱ መኪናና በድልድዩ ብረት መካከል አንድ መኪና የምታሳልፍ ክፍተት አለች፤ እሷንም ተቃዋሚ ወጣቶች በግንድ ዘግተዋታል። ፍቅሬ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ጠበቀ። ወጣቶቹ ማን እንደሆንን፣ ወዴት እንደምንሄድ እስኪጠይቁ፣ እርስ በርስ እስኪማከሩ ሃያ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ረጅም ልጅ በመስኮት ጎንበስ ብሎ የጣቢታን እጅ አየ። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ "ደበርሳ! ደበርሳ! አሳልፏቸው!" እያለ ጮኸ። ግንዱን አነሱልን። ተመስገን አልኩ።

መኪናዋ ክፍተቷ ውስጥ ገባች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ዳሽቦርዱ ብልጭ አለና ሁሉም ነገር ጠፋ። ሞተሩም መሪውም ቆመ።

"ምን ሆነች?" አለ ፍቅሬ። እኔ አውቄዋለሁ። 

ወጣቶቹ ደንታቸውም አልነበረም። በዚህ አገር የቆመ መኪና ይገፋል፤ ያልገፋ ማን አለ? "ዺባ! ዺባ!" እየተባባሉ፣ ግፉ ማለታቸው ነው፣ ከኋላ ተሰለፉ። አንዱ "ማርሽ አውጣ!" ይላል፣ ሌላው "የእጅ ፍሬን ልቀቅ!" ይላል። ፍቅሬ ላብ አጥምቆታል። የዚያች መኪና የእጅ ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ ነው፣ ማርሿም እንዲሁ፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባት ራሷን ቆልፋ ትቆማለች። ገፉ፣ አልነቃነቅ አለች። በግራ ጭነት መኪናው፣ በቀኝ ብረቱ፤ ከጎን ገብቶ የሚያነሳት ሰው እንኳ መቆሚያ የለውም። ያ ሁሉ ጎልማሳ ክንድ እዚያ ቆሞ ምንም ማድረግ አልቻለም።

ኦቦ ቦጂያ ፒክአፓቸውን ከኋላ አስጠጉ። ከእሳቸው ባትሪ ገመድ ስቤ ከእኛዋ ጋር አያያዝኩ። ዳሽቦርዱ በራ። ያጠፋሁት መብራት ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ተደረደረ። ሞተሩ ግን አልነሳም፣ ማርሹም አልተላቀቀም። የተቆለፈውን የሚፈታው ኮምፒውተሬ ጋራዥ ነው። ማርሹን በእጅ መልቀቂያ እንዳላት ሰምቼ አውቃለሁ፤ የት እንደሆነ ግን አላውቅም። ሰበታ ላይ የጀርመን መኪና የሚሠራው ታሜ አያውቅም!

የኦቦ ቦጂያ ፒክአፕ ሞተሯ እየሠራ ከኋላችን ቆማለች። ማለፍ ትችል ነበር፤ የዘጋናት እኛ ነን። ወጣቶቹ ለታማሚ የከፈቱትን መንገድ መልሰን የዘጋነው እኛ ነን።

ጣቢታን በግማሽ በተከፈተ በር እየጎተትን አወጣናት። ያን ጊዜ ብቻ ጮኸች። ረጅሙ ልጅና ጓደኞቹ በብርድ ልብስ ይዘው እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ከድልድዩ ወዲያ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም። በእግር ዓለም ገና ደረስን። ከዚያ በጋሪ ወለቴ። ወለቴ ላይ ቆመን ለመንን፤ አንድ ሚኒባስ እስኪያዝንልን ሌላ ሰዓት አለፈ። ሰዓቴን ማየት ፈራሁ። ሆስፒታል ስንገባ ከዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኔን እያየ፣ "እጁን ማትረፍ አንችልም" አለኝ። "ጠዋት ብትደርሱ ኖሮ እንሞክር ነበር።" ከአንጓዋ ላይ ቆረጡት።

ኮሪደሩ ላይ ፍቅሬ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ፍቅሬ፣ አልሠራኋትም። መብራቱን ብቻ ነው ያጠፋሁት።"

"አውቃለሁ" አለኝ ቀና ሳይል።

"እንዴት ታውቃለህ?"

"ዲናሞው ሳይመጣ በምን ትሠራታለህ? እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁህ።"

 እኔ መስማት የሚፈልገውን ነገርኩት፣ እሱ ደግሞ መስማት የማይፈልገውን አልጠየቀኝም። በመሃል እጇ የተቆረጠው የማታውቀው ልጅ ናት።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። መንገዱም ተከፈተ። የፍቅሬ ዲናሞ የመጣው የካቲት ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት አላጠፋም። ምን ያደርጋል! ባለፈው ወር አንድ ሰው ጋራንቲዋ ያለፈባት የጀርመን መኪና ይዞ መጣ። ከኋላ ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል። ፍሬኗ መብራት እያሳየ ነው። "ሳልሠራው አላጠፋም" አልኩት። የደረሰብኝን ነገርኩት። የእህቴን እጅ ነገርኩት። ከንፈሩን መጠጠና፣ "አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ" ብሎኝ ከጎኔ ያለው ጋራዥ ገባ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። መብራቱን አስጠፍቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ በጥሩምባ ተሰናብቶኝ ሄደ። ሮጬ መንገድ ላይ ልተኛበት? እጄን አጣጥፌ አየሁት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። መኪና በሽታዋን አትደብቅም፤ የምንደብቅላት እኛ ነን። መኪና ብቻ መሰላችሁ? የቤቱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ በቀለም እንሸፍናለን። ልጃችን ሲከሳ ሰፊ ልብስ እናለብሰዋለን። ከአቅማችሁ ያለፈ ነገር ካለ "አልቻልኩም፣ ታማለች፣ አትመኗት" በሉ። ማፈር የአንድ ቀን ነው።

ይህን ለእናንተ ስናገር ደፋር እመስላለሁ። ለጣቢታ ግን እስካለፈው ወር ድረስ አልነገርኳትም ነበር። እሷ እንዲያውም እኔን ታጽናናኝ ነበር፣ "አንተማ ፈጣኑን መርጠህልኝ ነበር፤ መንገዱ ነው የተዘጋብን" እያለች። የዚያ ሰውዬ ልጆች ከዓይኔ አልጠፋ ሲሉ ጋራዡን ዘግቼ ቤት ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ከመጀመሪያዋ መብራት እስከዚያች "አዎ" ድረስ።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"በኦቦ ቦጂያ መኪና እሄድ ነበር እኮ" አለችኝ። "ዝም ብለህ 'አትሂጂባት' ብትለኝ፣ ለምን ብዬም አልጠይቅህም ነበር።"