ያልደረሳት መልስ

«ቀና በይ!»

እንዳቀረቀረች ቀረች።

«እህቴ፣ ቀና በይ እኮ ነው የምልሽ!»

ፎቶ ቤቴ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ነው። ውጭ ረዳቶቹ «ዱራሜ! ዱራሜ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ውስጥ ሰው ወረፋ ይዟል። ትዕግሥቴ አለቀና አገጯን ላቃና እጄን ስዘረጋ ደንግጣ ከወንበሩ ተነሳች። ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ።

«መስማት አልችልም። አሳየኝ እንጂ አትንካኝ።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስሟ ቤቴል ነው። መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች። ፎቶዋን ልትወስድ ስትመለስ «ይቅርታ» የሚለውን ምልክት ከዩቲዩብ አጥንቼ ጠበቅኳት። ሳሳያት በሳቅ ፈረሰች። ምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣቶቼን በጣቶቿ ይዛ አስተካከለችልኝ።

እንዲህ ጀመርን። ከሥራ ስትወጣ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ቋንቋዋን ታስተምረኛለች። እናቷ እትዬ ገነቴ ግን አልወደዱኝም።

«የሚሰማ ሰው ዛሬ ይወድሻል፣ ነገ ይሰለችሻል» ይሏት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቤቴል መድከም ጀመረች። ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። የልቧ ቫልቭ ተበላሽቷል ተባለ። ለቀዶ ሕክምና ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ሄደች፤ ተራዋ እስኪደርስ ሆስፒታሉ አካባቢ ቤት ተከራዩ።

እኔ አብሬ መሄድ አልቻልኩም። አባቴ ጴጥሮስ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም። የማጎርሰውም፣ የማገላብጠውም እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለውም።

ስለዚህ በየቀኑ በቪዲዮ እንገናኝ ነበር። ሌላ ሰው ምስሉ ቢቆምበት በድምፅ ይጨርሳል። ለእኛ ግን እጅ ካልታየ ንግግር የለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ።

«ጥሩሰው፣ ትጠብቀኛለህ? በሽተኛ ሆኜ ብመለስም?»

ያን ጊዜ አባቴን ሳል አነቀው። ወደ እሱ ዞሬ በእጄ «አንዴ» አልኳት። ቀና አድርጌው ተመለስኩና መለስኩላት።

«እስከ ሕይወቴ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ!»

ትኩር ብላ አየችኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ስደውል አታነሳም። «ደክሞኛል» ብቻ ትጽፍልኛለች። በመጨረሻ እናቷ ደወሉ።

«ልጄ፣ ካልፈለግካት በወጉ ንገራት። ስትጠይቅህ ፊት ታዞርባታለህ?»

«እትዬ ገነቴ፣ እኔ? እጠብቅሻለሁ ነው ያልኳት!»

«እሷ ያየችው ፊትህን አዙረህ እጅህን ስትወረውርባት ነው። ምስልህ እዚያ ላይ ቆሞ ቀረ።»

ክው አልኩ። ወዲያው መልሴን ጻፍኩላት። ዘግይታ መለሰችልኝ።

«በጽሑፍ ሁሉም ሰው ይወዳል። ቀርጸህ አትላክልኝ፤ ስትመልስልኝ እጅህን ልየው።»

ዋይፋዩን ወደ ሸጠልኝ ወደ ጁነዲን ሱቅ ሮጥኩ።

«እሷ እኮ ለእኔ ጥርት ብላ ነው የምትታየኝ!» አልኩት።

«አንተ እሷን የምታያት በዳውንሎድ ነው፤ እሱ ደህና ነው። እሷ አንተን የምታይህ ግን በአፕሎድ ነው። ያንተ ምስል ከቤትህ መውጫ አጥቷል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ይሄ የፎርጂ ዋይፋይ ሰው ሲበዛበት ይጨናነቃል። በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው ደግሞ ሲፈጥረው መውጫው ጠባብ ነው፤ ፊልም ለማየት እንጂ ለእናንተ አይሆንም። ለእናንተ የሚበጀው ፋይበር የሚባለው አዲሱ መስመር ነው፤ መውጫውም እንደ መግቢያው ሰፊ ነው።»

«አስገባልኛ!»

«ሰፈራችሁ አልደረሰም፣ ወንድሜ። ዋናው መንገድ ዳር ቤት ብታገኝ ግን ይገባልሃል።»

ቤት አገኘሁ። ለአባቴ መንገሩ ነበር የከበደኝ።

«እናትህ ያረፈችው እዚህ ቤት ነው» አለኝ። «እኔም እዚሁ ማረፍ ነበር የምፈልገው።»

አንገቴን ደፋሁ። ጣራ ጣራውን እያየ ጠየቀኝ።

«ልጅቷ መልስህን ሳታይ ብትሞትስ?»

«አባባ፣ ተው እንጂ...»

«አንሳኝ። እንሂድ።»

አዝዬው ወጣሁ። ከበሩ እስከ ባጃጁ ድረስ ዕንባው አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር።

ፋይበሩ በገባ ዕለት ለእናቷ ደወልኩ። ስልኩን ፊቷ አደረጉላት። ቤቴል ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሰላም እንኳን አላለችኝም፤ እጄን ነበር የምታየው።

«እጠብቅሻለሁ» አልኳት። «ድነሽም ብትመጪ፣ ታመሽም ብትመጪ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

«ጠልተኸኝ ነው ብዬ... ቀዶ ሕክምናው ይቅርብኝ ብያቸው ነበር!»

በማግስቱ አባቴ ኮቱን አልብሰኝ አለ። ትራስ ደግፌው ስልኩ ፊት አስቀመጥኩት። እሱ ይናገራል፤ እኔ ለቤቴል በእጄ አስተረጉማለሁ።

«ገነቴ፣ ሽማግሌ ይዤ ደጅሽ መምጣት ነበረብኝ። እግሬ እንቢ አለኝ። ልጅሽን ለልጄ ስጪኝ።»

እናትየው በነጠላቸው ዕንባቸውን ጠረጉ።

«እሷን ጠይቋት።»

እኔ ጥያቄውን ሳልጨርስ እጇ ቀደመኝ።

«እሺ! እሺ!»

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ እትዬ ገነቴ። «ጌታ ያቁማት።»

ተራዋ ደረሰ። ወደ ውስጥ ሊያስገቧት ሲሉ «ስነቃ መጀመሪያ አንተን ነው የማየው» አለችኝ።

ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ዋልኩ። አባቴም እንጀራ አልነካም። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ፤ ምስሉ መጣ። ቤቴል አልነበረችም፤ እናቷ ነበሩ። ራሳቸውን ብቻ ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

ምነው ያን ጊዜ መስመሩ በተቆራረጠ! ግን ጥርት ብሎ ታየኝ።

ሀቢቾ በሚባል ቦታ፣ አባቷ በተቀበሩበት፣ ዝናብ እየጣለ ቀበርናት። መስማት የተሳናቸው ጓደኞቿ በመኪና ተጭነው መጥተው ዳር ላይ ቆመዋል። ፓስተሩ የሕይወት ታሪኳን ማንበብ ሲጀምር እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የሚነግራቸው የለም። አንዷ እጅጌዬን ያዘች።

«ምን እያለ ነው? ስለ እሷ ነው?»

ፊታቸው ቆምኩና ቃል በቃል አስተረጎምኩላቸው። የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች፣ ማንን እንዳስተማረች።

«...እናቷን ወይዘሮ ገነቴን ትታ ወደ ጌታዋ ሄዳለች» ብሎ ፓስተሩ ወረቀቱን አጠፈ።

«ባሏንም በሉ!»

እትዬ ገነቴ ነበሩ። ሰው ሁሉ ዞረ። በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እኔው ራሴ ድሬያታለሁ። ባሏንም በሉ!»

ፓስተሩ ወረቀቱን መልሶ ዘረጋ። «እናቷንና ባሏን» አለ።

ጓደኞቿ እጄን እያዩ ይጠብቃሉ። ያንን ቃል የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። እጆቼን አነሳሁ።

«ባሏን» አልኳቸው። «እኔን።»